የወንዝ ጭነት ባሕር ሲደርስ ገንዘቡ የት ይቀራል?

በዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። ከወንዝ ወደ ባሕር ስለሚሻገር ጭነት ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነውና። በወንዝ አፍ ወደቦች ላይ አንድ መርከብ ስንት ቶን እንደጫነ ውሃው ውስጥ በገባበት ልክ የማሰላ ሰው ነበርኩ። ሙያው ድራፍት ሰርቬየር ይባላል። ድራፍት መርከቡ ከውሃው በታች የሚገባው ጥልቀት ነው። ሻጭና ገዢ፣ ካፒቴንና ኢንሹራንስ የሚከራከሩበት ቁጥር የሚወጣው ከዚህ ሰው ደብተር ነው። ዛሬ ትንሽ ቢረዝምብኝ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከመጓጓዣ ሁሉ ርካሹ ውሃ ነው ይሉናል። እሺ ይሁን። ግን እህሉ በወንዝ ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ተራግፎ እንደገና ሌላ መርከብ ላይ ይጫናል። ይሄ ድርብ ወጪ አይደለም ወይ? አንዱ መርከብ ከመሀል አገር ጭኖ ባሕሩን አቋርጦ ለምን አይሄድም? ክፍል ውስጥ ብጠይቅ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። — ተማሪዋ አንባቢዎ

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ ፈጣሪ ይመስገን። መምህርሽም ልክ ናቸው፣ ጥያቄሽም ልክ ነው።

መጀመሪያ የመምህርሽን እንይ። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የሚሠራውን መደበኛ ባርጅ ውሰጂ። ባርጅ ሞተር የሌለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ጀልባ ነው። ርዝመቱ 60 ሜትር ይጠጋል፣ ስፋቱ 10.7 ሜትር ነው። የሚይዘው 1,360 ቶን ገደማ ነው። ይህን በከባድ መኪና ላንሳው ብትይ ወደ 60 መኪና ማሰለፍ አለብሽ። በላይኛው ሚሲሲፒ 15 ባርጆች በሽቦ ገመድ ተጠፍረው፣ ሦስት ጎን ለጎን አምስት በቁመት፣ በአንድ ገፊ ጀልባ ይነዳሉ። ከሴንት ሉዊስ በታች እስከ ባሕሩ ድረስ ወንዙ ላይ የመርከብ ማሳለፊያ በር ስለሌለ ከ30 በላይ ባርጅ በአንዴ ይገፋል። ይህ 40,000 ቶን ነው። ገፊው ጀልባ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን አሥር ሰው ቢሆን ነው። በነዳጅም ቢሆን፣ በተመሳሳይ ሊትር ባርጅ አንድ ቶንን ከከባድ መኪና ከሦስት እጥፍ በላይ ያርቀዋል። በዚህ ሂሳብ ወንዝን የሚያሸንፍ የለም።

ታዲያ ባሕሩ አፋፍ ላይ ለምን ይቆማል? አንደኛው ምክንያት ብረቱ ነው።

የወንዝ ጀልባ የሚሠራው ውሃው ከሞላ ጎደል ረግቶ እንደሚሸከመው ታስቦ ነው። ብረቱ ስስ ነው። ጎኑ ዝቅ ያለ ነው። ባሕር ላይ ግን ረጅም መርከብ በሞገድ ላይ ይቀመጣል። ሞገዱ መሀሉን ከሥር ሲያነሳው ጫፍና ጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቀጥሎ ሁለት ሞገዶች ጫፍና ጫፉን ይይዙና መሀሉ ይሰረጉዳል። በየጥቂት ሰከንዱ እንዲህ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን እያጠፍሽ እየዘረጋሽ የምትበጥሺው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ስጋት ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 11 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ቮልጎኔፍት 139 የተባለች የነዳጅ መርከብ በከርች የባሕር ወሽመጥ ላይ መልሕቅ ጥላ ሳለች ማዕበል ለሁለት ሰበራት። ከ1,000 ቶን በላይ ማዙት ፈሰሰ። መርከቢቱ ለወንዝና ለተረጋጋ የባሕር ዳርቻ የተሠራች ነበረች። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 15 ቀን 2024፣ የዚያው ቤተሰብ የሆኑ ሁለት መርከቦች እዚያው ወሽመጥ አካባቢ ተጎዱ። አንዷ ለሁለት ተሰበረች። ሰው ሞተ፣ ዳርቻውም በማዙት ጠቆረ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። የሞገድ ወሰን በመርከቡ ወረቀት ላይ የሚጻፈው እንዲከበር ነው።

"እንግዲያው ወፍራም ብረት ይደረግለታ!" ትይኝ ይሆናል። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፣ አደራ ልብ በይው። ወንዝ ላይ ጥልቀቱ የተወሰነ ነው። መርከቡ ሦስት ሜትር ብቻ መግባት ከቻለ፣ ሦስት ሜትር የሚሸከመው ክብደት ቁርጥ ነው። ያ ክብደት የብረትና የጭነት ድምር ነው። ስለዚህ ለባሕሩ ብለሽ የጨመርሽው እያንዳንዱ ቶን ብረት አንድ ቶን ስንዴ ያስቀራል። መርከቡ ባሕር ላይ ለሚያሳልፈው ጊዜ የሚያስፈልገውን ጉልበት በወንዙም ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ኪሳራው በየጉዞው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመርከቡ መጠን ነው። በቮልጋና በዶን ወንዞች መካከል ያለው ቦይ የተከፈተው በ1952 ነው። በዚያ መስመር የሚሠሩት ትልልቆቹ የወንዝና የባሕር መርከቦች 5,000 ቶን ገደማ ይጭናሉ። ከዚያ በላይ ቦዩ አያስገባቸውም። እንዲህ ያለ መርከብ ላይ ከአሥር የማያንሱ ሠራተኞች አሉ። 80,000 ቶን የሚጭነው የባሕር መርከብ ላይ ያሉት ደግሞ 20 ወይም ትንሽ በለጥ ቢሉ ነው። አካፍይው። በትንሹ መርከብ አንድ ሠራተኛ 500 ቶን ያህል ይደርሰዋል። በትልቁ 4,000 ቶን። ውቅያኖስ በትንሽ መርከብ ማቋረጥ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ነዳጁም፣ ኢንሹራንሱም፣ የምርመራ ወረቀቱም በቶን ሲካፈሉ ወደዚያው ነው የሚሄዱት።

ሦስተኛውን ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ጥበቃ ነው። ወንዝ ላይ ሁሉም ነገር ይጠብቃል። ላይኛው ሚሲሲፒ ላይ መርከብን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ በሮች አሉ፤ ሎክ ይባላሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ 600 ጫማ፣ ማለትም 183 ሜትር ርዝመት ያላቸው ናቸው። 15ቱ ባርጆች ከነገፊያቸው የዚያን ሁለት እጥፍ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ገመዱ ይፈታል፣ ግማሹ ያልፋል፣ በሩ ይመለሳል፣ ሌላው ግማሽ ያልፋል፣ እንደገና ይታሰራል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከፊት ሌላ ካለ ደግሞ ተራ አለ። ወደብ ሲደርሱም የባሕሩ መርከብ አልደረሰም፣ ወይም ዝናብ ነውና እህል አይከፈትም ይባላል።

ባርጁ ግን ሞተር የለውም፣ ሠራተኛ የለውም። ገፊው ወንዙ ዳር አስሮት ሌላ ጭነት ፍለጋ ይሄዳል። ውዱ ሞተር አይቆምም፣ የሚቆመው ርካሹ ብረት ነው። ሞተሩና ካፒቴኑ ከጭነቱ ጋር በአንድ አካል ከተሠሩ ግን ጭነቱ በቆመ ቁጥር ሁሉም ይቆማል። እኔ በወንዝ አፍ ላይ ያየሁት ኢኮኖሚ በአብዛኛው ይኸው ነው። ማን ማንን ይጠብቃል? የሚጠብቀው በቀን ስንት ይበላል? አንቺ ድርብ ወጪ ያልሽው ማራገፍና መጫን ውዱን ሞተር ከዚህ ጥበቃ የሚያድን ክፍያ ነው። ኒው ኦርሊንስ አካባቢ ተንሳፋፊ ክሬኖች ወንዙ መሀል ቆመው ከባርጅ በቀጥታ ወደ ባሕር መርከብ ሲገለብጡ ብታዪ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደረከሰ ይገባሻል። ወደብ እንኳ አልነኩም።

ሆኖም አንቺ ያልሽው ቀጥተኛ ጉዞ አለ፣ ያዋጣልም። በራይን ወንዝ ላይ የካፒቴኑ ክፍል በሃይድሮሊክ ከፍ ዝቅ የሚል ዝቅተኛ የባሕር መርከቦች እስከ ዱይስቡርግ ይወጣሉ። ድልድይ ሲመጣ ክፍሉ ዝቅ ይላል፣ ካለፉ በኋላ ይነሳል። የሚጭኑት ጥቅል ብረት፣ ወረቀት፣ ጣውላ ነው። በእያንዳንዱ ማንሳት የሚጎዳ ዕቃ ማለት ነው። የሚሄዱትም ወደ እንግሊዝና ወደ ስካንዲኔቪያ፣ ማለትም ቅርብ ነው። የቮልጋና የዶን መርከቦችም እህል ጭነው ጥቁር ባሕርን አቋርጠው ቱርክ ይደርሳሉ። በብርዱ ወቅት ወንዙ በረዶ ሲሆን ደግሞ ባሕር ላይ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ለወንዝ ብቻ የተሠራ ጀልባ በዚያ ወቅት ታስሮ ይከርማል። ቻይና በበኩሏ መርከቡን ከማሳነስ ይልቅ ወንዙን አስጠልቃለች። ከ2018 ጀምሮ በያንግትሴ ላይ 12.5 ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር ከባሕሩ እስከ ናንጂንግ ድረስ ተከፍቷል። ትልቅ የባሕር መርከብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል።

የባሕሩ ጉዞ አጭር፣ ዕቃው ሲነካካ የሚጎዳ፣ መጠኑም ጥቂት ሺህ ቶን ከሆነ ቀጥታ መሄድ ይሻላል። ባሕሩ ረጅም፣ ጭነቱ ብትን ከሆነ ግን ማራገፍ ይረክሳል። መምህርሽን ስታገኚ የማጓጓዣ ዋጋውን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በቀን ጭምር እንዲያሰሉላችሁ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ድሮ ባርጆችን ራሳቸውን ከነጭነታቸው አንስቶ ባሕር የሚያሻግር መርከብ ነበረ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እንዲህ ያለ ጥሩ ሐሳብ እንዴት ጠፋ? — ጡረተኛ መካኒክ

መልስ፦ እውነት ነው። እኔም ከልቤ የምወደው ሐሳብ ነው፣ እርስዎም በሙያዎ ይወዱታል።

ስሙ ላሽ ይባላል። የኒው ኦርሊንሱ የመርከብ መሐንዲስ ጄሮም ጎልድማን ነው የነደፈው። የመጀመሪያዋ አካዲያ ፎረስት በ1969 ሥራ ጀመረች። ከመርከቢቱ ፊት እስከ ኋላ በሐዲድ የሚሄድ ግዙፍ ክሬን አለ። 370 ቶን ገደማ የጫነ ባርጅ ከኋላ በኩል ከውሃው ላይ ይመጣል። ክሬኑ ብድግ ያደርገውና ወደፊት ተጉዞ ከሌሎቹ ላይ ይደረድረዋል። መርከቢቱ ወደብ ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም። ወንዙ አፍ ላይ ቆማ ባርጆቿን ታወርዳለች፣ ሌሎቹን ታነሳለች፣ ትሄዳለች። የወረዱትን ገፊ ጀልባ እየወሰደ በየወንዙ ያድላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሲቢ የተባለው ዓይነት መጣ። እሱ ክሬን ሳይሆን ከኋላ በኩል አሳንሰር ነበረው፤ ባርጆቹም 850 ቶን ገደማ የሚይዙ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት፣ ቡልጋሪያ፣ ሃንጋሪና ቼኮስሎቫኪያ ተባብረው በዚህ ስልት የዳኑቤን ጭነት እስከ ሕንድና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይልኩ ነበር። ሶቪየቶች በ1988 ሥራ ያስገቧት ሴቭሞርፑት የምትባለው የባርጅ ተሸካሚ ደግሞ በኑክሌር ኃይል የምትሄድ ነበረች።

ለምን ጠፋ ላሉት፣ ሞተሩ ወይ ክሬኑ ስለተበላሸ አይደለም። ለአንድ መርከብ አንድ ስብስብ ባርጅ አይበቃም። አንደኛው ስብስብ ባሕር ላይ ነው። ሌላው በዚህኛው ወንዝ ተበትኖ ይራገፋል። ሦስተኛው በወዲያኛው ወንዝ ይጫናል። ይህ ሁሉ በብድር የተገዛ ብረት ነው። አንዱ ባርጅ ላይኛው ወንዝ ላይ ዘግይቶ ሲቀር መርከቢቱ ወይ ትጠብቃለች ወይ ጎዶሎ ትሄዳለች። 370 ቶን የሚይዘው ደግሞ ለወንዙ ትንሽ ነው። በ1,360 ቶኑ ፋንታ እሱን መግፋት ለገፊው አያዋጣም። የመርከቢቱ ክሬን፣ ሐዲድና የተጠናከረ ኋላም ቦታ ይይዛሉ፣ ገንዘብም ይበላሉ።

ከሁሉ በላይ ኮንቴይነር መጣ። ኮንቴይነር ከመርከብ ወርዶ ባቡር ላይ ይወጣል፣ ከባቡር መኪና ላይ ይወጣል፣ በሩ ላይ ይራገፋል። ባርጅ ወንዙ ካለቀ አለቀለት። ክሬኑን መርከቧ ተሸክማ ከመዞር ወደቡ ላይ ተክሎ ቀንና ሌሊት ማሠራት ይሻላል፤ የኮንቴይነር ወደቦች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዛሬ ኮንቴይነሩ ራሱ በራይን ላይ በባርጅ ይሄዳል። ስንት ደርብ መደርደር እንደሚቻል የሚወስነው ደግሞ የድልድዩ ከፍታ ነው። ወንዙ ሲሞላ ደርብ ይቀነሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ወደብ የሌለው ወይም ወደቡ የተጨናነቀ የወንዝ አፍ ባየሁ ቁጥር ያ መርከብ ትዝ ይለኛል። ሐሳቡ ደካማ አልነበረም። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሥራ የሚበዛበት ወንዝ ይፈልጋል፣ እንዲህ ያለ ጥንድ ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ኬሚካል አስመጪ ነኝ። አቅራቢዬ በራይን ወንዝ በኩል ነው የሚያወርድልኝ። ደረሰኙ ላይ "የዝቅተኛ ውሃ ጭማሪ" የሚል ገንዘብ አየሁ። ዝናብ አልዘነበም ተብሎ እኔ ልክፈል? ይህ ነገር እውነት አለ ወይስ እየተጫወቱብኝ ነው?

መልስ፦ እውነት አለ። ግን ደረሰኙን ሳያጣሩ አይክፈሉ።

ራይን ላይ የሚሠራ 110 ሜትር ርዝመትና 11.4 ሜትር ስፋት ያለው መርከብ ያስቡ። ውሃ ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር በገባ ቁጥር 11 ቶን ገደማ ይጭናል። ርዝመቱን በስፋቱ አባዝተው፣ ጫፎቹ ስለሚጠቡ ትንሽ ሲቀንሱለት ይደርሱበታል። እንግዲህ ወንዙ አንድ ሜትር ቢጎድል 1,100 ቶን ጠፋ ማለት ነው። 2,500 ቶን ይጭን የነበረው 1,400 ይጭናል። ካፒቴኑ ግን ያው ነው፣ ናፍጣው ያው ነው፣ የባንኩ ወለድ ያው ነው። የጉዞው ወጪ ሳይቀንስ የሚካፈልበት ቶን ቀነሰ። ጭማሪው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል። እያንዳንዱ መርከብ ግማሽ ሲጭን ያንኑ ጭነት ለማንሳት ሁለት እጥፍ መርከብ ያስፈልጋል። መርከቡ ግን በአንድ ጀንበር አይሠራም። ስለዚህ የኪራዩ ዋጋ ራሱ ይወጣል። በኦክቶበር 2022 በሚሲሲፒ ላይ የሆነው ይህ ነው። ከሴንት ሉዊስ ወደ ታች የሚወርድ እህል ማጓጓዣ በቶን ከ100 ዶላር በላይ ገባ። እዚያ አንድ ጫማ ውሃ ሲጎድል አንድ ባርጅ 190 ቶን ገደማ ያጣል። በ15 ባርጅ ሲባዛ ወደ 2,900 ቶን ነው። ወንዙ ስለጠበበም በአንዴ የሚገፉት ባርጆች ቁጥር ይቀነሳል።

ራይን ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው ቁጥር የካውብ መለኪያ ነው። ካውብ ወንዙ ከሚጠብብባቸውና ጥልቀቱ ከሚያንስባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በኦክቶበር 2018 መለኪያው 25 ሳንቲሜትር ደረሰ። በዚያ ዓመት ሉድቪግስሃፈን ላይ ትልቁ ፋብሪካው ያለው ባስፍ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በውሃው መጉደል 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዳጣ ራሱ ተናግሯል። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ግን የወንዙ ጥልቀት አይደለም። ካውብ ላይ 40 ሳንቲሜትር ሲባል የመርከቡ መስመር ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ "25 ሳንቲሜትር ላይ ምን መርከብ ይሄዳል?" ብሎ ደንግጦ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል።

አሁን ወደ እርስዎ ደረሰኝ። ጭማሪው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በሠንጠረዥ ይጻፋል፤ መለኪያው ከዚህ እስከዚህ ሲሆን ይህን ያህል ተብሎ። ሦስት ነገር ይጠይቁ። የትኛው መለኪያ? ለላይኛው ራይን ካውብ ነው፣ ለታችኛው ሩርኦርት ወይም ኮሎኝ ሊሆን ይችላል። ጭነትዎ በካውብ ካላለፈ የካውብ ቁጥር አይመለከትዎትም። ሁለተኛ፣ የየትኛው ቀን? የተጫነበት ነው ወይስ የተራገፈበት? ሦስተኛ፣ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲሆን አጓጓዡ የመጫን ግዴታው ይቀራል የሚል አንቀጽ አለ? ብዙ ውል ላይ አለ። ያ ከሆነ ሠንጠረዡ ሥራ ላይ አይውልም፣ ዋጋው በድርድር ነው የሚሆነው።

እኔ ራሴ ጭነቱን የለካሁለት አንድ ደንበኛ ነበር። አጓጓዡ ድርጅት የተጫነበትን ቀን ትቶ፣ በሳምንቱ ውስጥ ውሃው ከሁሉ የጎደለበትን ቀን መርጦ አስልቶበት ነበር። ውሉ "የመጫኛ ቀን" ይላል። የመጫኛው ቀን ደግሞ በእኔ ደብተር ላይ ከነሰዓቱ ተጽፏል። ያንን ገጽ ስልክለት ልዩነቱ ተመለሰለት። እርስዎም የመጫኛውን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። የመለኪያው ቁጥር በየቀኑ ለሕዝብ የሚወጣ ስለሆነ ማነጻጸሩ አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከወንዝ ወደብ የተጫነልን ስንዴ ወረቀቱ ላይ ካለው ወደ 1,400 ቶን ጎደለ ተባልን። ተሰርቆ ነው የሚሉ አሉ። በመርከብ ላይ ይህን ያህል ሊሰረቅ ይችላል? — የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ

መልስ፦ ይህን ያህል ስንዴ ለመስረቅ አንድ ሙሉ ባርጅ ያስፈልጋል። እኔ ሌባ ከመፈለጌ በፊት ባልዲውን ነው የምጠይቀው።

እንዴት እንደምንለካ ልንገርዎ። መርከቡ ጎን ላይ በየሃያ ሳንቲሜትሩ ቁጥር ተጽፏል። ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ ስድስት ቦታ ይነበባል። በወንዙ በኩል ያለውን ለማንበብ ትንሽ ጀልባ ይያዛል። ውሃው ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሹንና ትልቁን እየያዙ መሀሉን መገመት ነው፤ ዓይን በጊዜ ብዛት ይለምደዋል። ከዚያ ባልዲ በገመድ ይወርዳል። የመጣው ውሃ ውስጥ ሃይድሮሜትር ይገባል። ቀጭን የመስታወት ዘንግ ናት። ንጹሕ የወንዝ ውሃ ከሆነ 1.000 ታሳያለች፣ የባሕር ውሃ ከሆነ 1.025።

ይህቺ 0.025 ናት ሰው የምታጣላው። ጨዋማ ውሃ የተሻለ ስለሚሸከም መርከቡ ወንዝ ላይ ጠለቅ ይላል፣ ባሕር ሲገባ ይነሳል። የመርከቡና የጭነቱ ክብደት በድምሩ 60,000 ቶን ነው እንበል። የወንዙን ውሃ ሳይለካ "ያው ባሕር ነው" ብሎ በ1.025 ያሰላ ሰው 1,500 ቶን ስንዴ ከአየር ላይ ፈጠረ። ስንዴው ከመጀመሪያውም አልነበረም። ማራገፊያው ላይ በትክክል ሲለካ "ጎደለ" ይባላል።

የወንዝ አፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ ከሥር ይገባል፣ ንጹሑ ከላይ ይንሳፈፋል። ባልዲውን ላይ ላዩን ብቻ የነከረ 1.002 ያነባል። መርከቡ የገባበትን ጥልቀት አጋምሶ፣ በተለያየ ቦታ የቀዳ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ባሕሩ ሞልቶ ወደ ወንዙ በሚገባበትና ተመልሶ በሚወጣበት ሰዓትም ይለያያል። የድራፍት ንባቡና የውሃው ናሙና በአንድ ሰዓት ካልተወሰዱ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

ስለዚህ የሁለቱንም ወደብ የልኬት ሪፖርት ያስመጡ። የውሃው እፍጋት ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ይዩ። በወንዝ ወደብ ላይ 1.025 ተጽፎ ካገኙ መልሱን አገኙት። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ልዩነቱ 0.5 በመቶ ገደማ ቢሆን ደግሞ በዚህ ስልት የሚጠበቅ ስህተት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው ወደ ኢንሹራንስ የሚኬደው። እባክዎን እስከዚያው የመጋዘን ሠራተኞቻችሁን ስም አታጥፉባቸው።

ጥያቄ፦ ወንዙ የተፈጥሮ ነው፣ መንገድ እንደ አስፋልት አይሠራለትም። ታዲያ ማነው የሚከፈለው? — አጭር መልስ የሚፈልግ አንባቢ

መልስ፦ ይሠራለታል እንጂ! ደለሉ ይጠረጋል፣ በሮቹ ይጠገናሉ፣ ምልክቶቹ ይተከላሉ። ልዩነቱ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው።

ራይን ላይ በ1868 የተፈረመው የማንሃይም ስምምነት መርከብ ስላለፈ ብቻ ቀረጥ እንዳይከፍል ይከለክላል። ጥገናውን የሚችሉት በወንዙ ዳር ያሉት መንግሥታት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የባርጅ ሥራው በሚያቃጥለው ናፍጣ በጋሎን 29 ሳንቲም ይከፍላል። ገንዘቡ በሮቹን ለመሥራትና ለማደስ ከሚወጣው ላይ ከፊሉን ይሸፍናል፣ ሌላውን ግብር ከፋዩ ይችለዋል። የባቡር ኩባንያዎች ሐዲዳቸውን በራሳቸው ገንዘብ ስለሚጠግኑ በዚህ ሁልጊዜ ያማርራሉ፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ። ዋጋ ሲነጻጸር ይህ መቆጠር አለበት።

ፓራና ወንዝ ላይ ግን የሚያልፈው መርከብ ራሱ ይከፍላል። የአርጀንቲና አኩሪ አተርና በቆሎ በአብዛኛው የሚጫነው ሮሳሪዮ አካባቢ ነው። ባሕር በር የሌላት ፓራጓይም በዓለም ካሉት ትልልቅ የባርጅ ስብስቦች አንዱን ይዛ በዚሁ የውሃ መስመር ወደ ባሕር ትወጣለች። ከሮሳሪዮ ወደ ባሕሩ ያለው መስመር የሚፈቅደው 34 ጫማ ገደማ ነው። ትልቁ የእህል መርከብ እዚያ ጎዶሎ ጭኖ ይወጣና ባሕር ዳር ባለችው ባሂያ ብላንካ ገብቶ ይሞላል። ይህ ተጨማሪ ወደብ፣ ተጨማሪ ቀናት ነው። እዚያ ደለል እየጠረጉ አንድ ጫማ ብቻ ቢያስጠልቁት አንድ ፓናማክስ (ለፓናማ ቦይ ልክ የተሠራ ትልቅ) መርከብ በየጉዞው 2,000 ቶን ገደማ ይጨምራል። ላኪዎቹ ክፍያው በዛ ብለው ሲከራከሩ የሚያነጻጽሩት ከዚህ 2,000 ቶን ጋር ነው።